ኮሶና የመጠን ነገር

በቋንቋችን ውስጥ ስሙን ከመድኃኒቱ የተቀበለ በሽታ ቢፈለግ አስቀድሞ የሚታሰበው የኮሶ ትል ነው። ፈረንጆች ይህን ትል መልኩን አይተው ጥብጣብ የመሰለ ትል ሲሉ ይጠሩታል፤ አበው ግን ከሚያስወጣው ዛፍ ስም አውጥተውለት «የኮሶ ትል» ብለውታል። ምሬቱም ከንግግራችን አልራቀም፤ ነገር ሲከብደን «ኮሶ ሆነብኝ» እንላለን፤ ፊቱን ያጨፈገገውንም ሰው «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንለዋለን።

ስለዚህ መድኃኒት ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። እኛ በምንኖርባትና በምናስተምርባት በሐዋሳ፥ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፥ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ምክር ሲሰጥ እንሰማለን። አያት «ኮሶ ይጠጣ» ይላሉ፤ ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ በትንንሽ የስኳር ፍሬ ላይ የተንጠባጠበ ቀጭን መድኃኒት ይልካል፤ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ደግሞ ክኒን ያዝዛል። ወላጆችም በሦስቱ መካከል ቆመው ይጨነቃሉ። ስለዚህ የሦስቱንም ነገር ከሥሩ እንመረምራለን። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም መድኃኒትን መድኃኒት የሚያሰኘው መጠኑ መሆኑ ነው።

ዛፉና አበባው

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ከሚያኽል ከፍታ ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ እስከሆነው ድረስ ይበቅላል፤ ቁመቱም እስከ 20 ሜትር ይደርሳል። ሐዋሳ የምትገኘው 1,700 ሜትር በሚያኽል ከፍታ ላይ ስለሆነ ኮሶ የሐይቁ ዳር ዛፍ አይደለም፤ አበባው ከደጋ ወርዶ ነው ወደ ገበያችን የሚደርሰው። ዛፉን በደኑ ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ባሌ ተራሮች ቢሄድ በዲንሾ አካባቢ ከጽድ ጋር ተቀላቅሎ ያገኘዋል። የዕፅዋት ሊቃውንት ከጽጌረዳ ወገን ይቈጥሩታል።

ኮሶ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ሁለቱም በየራሳቸው ዛፍ ላይ ያብባሉ። የሴቴው አበባ ቀላ ያለ ሆኖ በትልልቅ ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ለመድኃኒት የሚፈለገውም ይኸው ነው። አበባው ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ይወቀጣል፤ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦም በማለዳ፥ ሆድ ምንም ሳይቀምስ፥ ይጠጣል። ጠጪው ምሬቱን ታግሦ ይቀመጣል፤ ሆዱም ይታጠባል፤ ትሉም ተቈራርጦ ወይም ተጠቅልሎ ይወጣል።

በቀድሞ ዘመን ኮሶ መጠጣት በየሁለት ወሩ ገደማ የሚደረግ የቤተ ሰብ ልማድ ነበረ። መኰንኑም ገበሬውም ይጠጣው ነበር። በዚያ ቀን ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም፤ «ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ መልእክተኛው ሳይቀየም ይመለስ ነበር። እንቆቆ፥ መተሬ፥ የዱባ ፍሬም ለዚሁ ሥራ ይውሉ ነበር፤ ዋናው ግን ኮሶ ነበረ። የኢትዮጵያን ታሪክ በመጻፍ የታወቁት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ እነዚህ የአገራችን የትል መድኃኒቶች ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል።

ኮሶ ባሕር ተሻገረ

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ አገራችን ገብቶ በጎንደር ተቀምጦ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኮሶ ሥዕል ጨምሮ ጽፏል። አንድ እፍኝ የደረቀ አበባ በጠላ ውስጥ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ በማግሥቱ እንደሚጠጣ ይናገራል። ዛፉም ለሕዝቡ ጥቅም ተብሎ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከጽዶች መካከል እንደሚተከል መስክሯል። ይህንን ስናነብ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ለነፍስ መሸሸጊያ ብቻ ሳይሆን ለሥጋም የመድኃኒት ጓዳ እንደነበረ እንረዳለን።

በሚቀጥለው ዓመት፥ እ.ኤ.አ. በ1791፥ ግሜሊን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ለዛፉ የሳይንስ ስም ሲያወጣለት በኬኒግስበርግ ይኖር የነበረውን የመድኃኒት ቀማሚ ሐገንን ለማክበር «ሐጌንያ» አለው፤ አገራችንን የሚያስታውሰው «አቢሲኒካ» የሚለው ቃልም ከስሙ ጋር ተጻፈ። ከዚያ በኋላ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የኮሶን ኀይል አይቶ ወሬውን ወደ ፓሪስ አደረሰ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኮሶ በለንደንና በፓሪስ የመድኃኒት ቤቶች በውድ ዋጋ ይሸጥ ጀመር፤ በ1860ዎቹም በእንግሊዝ የመድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ ስሙ ገባ። ከደጋችን ተለቅሞ በግመልና በመርከብ የተጓዘው አበባ የአውሮፓን በሽተኞች ሆድ አጠበ።

ኬሚስቶችም አበባውን መርምረው ትሉን የሚያሽመደምደውን ንጥረ ነገር ከውስጡ ለይተው አወጡ፤ አንዱንም «ኮሶቶክሲን» ብለው ሰየሙት፤ ትርጓሜውም የኮሶ መርዝ ማለት ነው። ይህንን ስም አንባቢ ልብ ይበለው። ትሉን የሚያደክመው ኀይል የሰውንም ጡንቻና ነርቭ ሊያደክም የሚችል ኀይል ነውና።

በጠብታ የሚያክሙት ሰዎች

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክር እንለፍ። እ.ኤ.አ. ከ1755 እስከ 1843 የኖረ ሳሙኤል ሐነማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነበረ። በእርሱ ዘመን ሐኪሞች በሽተኛውን ደሙን እያፈሰሱና ኀይለኛ መድኃኒት እያጠጡ ያሠቃዩት ስለነበር ይህን ጠልቶ ሌላ መንገድ ፈለገ። ያገኘውንም መንገድ «ሆሚዮፓቲ» ብሎ ሰየመው፤ ዋና መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1810 ታተመ። ትምህርቱ በሁለት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው። አንደኛው፥ ጤነኛውን ሰው የሚያሳምም ነገር ያንኑ የሚመስለውን ሕመም ያድናል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ መድኃኒቱ በውኃ ወይም በአልኮል በቀጠነና በተንቀጠቀጠ መጠን ኀይሉ ይጨምራል የሚል ነው።

የማቅጠኑ ሥራ እንዲህ ነው። አንድ ጠብታ መድኃኒት በ99 ጠብታ ውኃ ውስጥ ይጨመራል፤ ይህ አንደኛው እርምጃ ነው። ከዚህ ከቀጠነው አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99 ጠብታ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች እስከ 30ኛው እርምጃ ይደርሳሉ። የሒሳብ ተማሪዎቻችን እንደሚያውቁት በየእርምጃው መቶ እጥፍ ሲባዛ ቍጥሩ ቶሎ ይገዝፋል። ስምንተኛው እርምጃ ላይ ስንደርስ አንድ ጠብታ መድኃኒት በሐዋሳ ሐይቅ ሙሉ ውኃ ውስጥ እንደ መጣል ያኽላል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ከመጀመሪያው መድኃኒት አንዲት ቅንጣት እንኳ መቅረቷ ያጠራጥራል። ሠላሳኛው ላይ የሚቀረው ውኃውና ስኳሩ ብቻ ነው።

ኮሶም በእነዚህ ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ ስፍራ አለው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ይሠራ የነበረው ዊልያም ቦሪክ እ.ኤ.አ. በ1901 ለመጀመሪያ ጊዜ ባሳተመውና በኋላም እየተስፋፋ በታተመው የሆሚዮፓቲ መድኃኒቶች መጽሐፍ ውስጥ ኮሶ ትል አስወጪ ተብሎ ተመዝግቧል። ማቅለሽለሽ፥ ማስታወክ፥ ራስ ማዞር፥ የልብ ምት መዘግየትና መዛባት፥ ከባድ ድካም ከምልክቶቹ መካከል ተቈጥረዋል። የሚያስገርመው ግን ስለ መጠኑ የተጻፈው ነው። ሌሎቹን መድኃኒቶች በቀጠነ ጠብታ የሚያዝዘው መጽሐፍ ኮሶን ሲያዝዝ ግማሽ አውንስ፥ ማለት 14 ግራም ያኽል ዱቄት በሞቀ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣ ይላል።

እንግዲህ እናስተውል። ሜትሮች የሚረዝም ትል ከሰው አንጀት ማስወጣት ባስፈለገ ጊዜ የጠብታው ሊቅ እንኳ ጠብታውን ትቶ የጎንደሮችን ዋንጫ አንሥቷል። ትሉ የሚታይ፥ የሚለካ፥ በአንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚገናኝ ነገር ከሌለ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውስትራልያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በሆሚዮፓቲ ላይ የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስቦ መርምሮ፥ ለየትኛውም የጤና ችግር እንደሚሠራ የሚያስተማምን ማስረጃ እንዳላገኘ አስታውቋል። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎትም እ.ኤ.አ. በ2017 ሐኪሞች እንዳያዝዙት መክሯል። የስኳር ፍሬው በራሱ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ ያለው በእርሱ ተማምኖ በሚባክነው ጊዜ ውስጥ ነው።

በአንድ ቤት የሆነው

ይህ ነገር በመጻሕፍት ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ በሰፈራችን ሆኖ ነበር። በሐምሌ ወር አንዲት ጎረቤታችን ወደ እኛ መጥተው፥ «መምህር፥ ልጄ ሆዱን ይቈርጠዋል፤ በልብሱም ላይ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን ይሻለኛል?» አሉን። ልጁ የዘጠኝ ዓመት ነው። እናታቸው ከደጋ ሲመጡ በጨርቅ ቋጥረው ያመጡት ኮሶ በቤት አለ፤ እኅታቸውም ከባሕር ማዶ የላከችው የስኳር ፍሬ በብልቃጥ ተቀምጧል። ወደ ቤታቸው ሄደን ብንጠይቅ አያት ኮሶውን ለመበጥበጥ ውኃ አዘጋጅተው ነበር።

«እማማ፥ ስንት ያኽል ሊያጠጡት ነው?» አልናቸው።

«ለአዋቂ አንድ እፍኝ ነው፤ ለልጅ ደግሞ የእርሱን እፍኝ» አሉን።

«አበባው መቼ የተለቀመ ነው?»

«እሱንማ ገበያ ላይ ነው የገዛሁት፤ ማን ያውቃል፥ ልጄ?»

እኚህ እናት ያልተሳሳቱበት ነገር አለ። የልጅ ልጃቸውን በሽታ በትክክል ለይተዋል፤ በእውነትም ትሉን የሚያስወጣ መድኃኒት ይዘዋል። «እኔስ በኮሶ አልነበር ያደግሁት?» ያሉንም እውነት ነው። ያልያዙት መለኪያውን ነው። የእጅ መዳፍ ከሰው ሰው ይለያያል። የኮሶም ኀይል ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ ትኩሱ አበባ ብርቱ ነው፤ የከረመው ይደክማል። ዛሬ ደካማ አበባ ያጠጣ ሰው ትሉ ሳይወጣ ሲቀር ነገ እጥፍ ያጠጣል፤ ያ እጥፍ ከትኩስ አበባ የተወቀጠ ከሆነ ደግሞ ልጁን ይጥለዋል።

አያት ጥቂት ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፥ «እንግዲያስ ይሂድ፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ» አሉ። ልጁም ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ ሰገራው ተመረመረ፤ በክብደቱ ልክ መድኃኒት ተሰጠው። በአንድ ጊዜ መድኃኒት ትሉ ጠፋ።

ኮሶ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል

በዚያ ቀን ለአያት የነገርናቸውን ለአንባቢም እንነግራለን። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ፥ የሆድ ቍርጠት፥ ራስ ምታት፥ የልብ ድካም ያመጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ብትጠጣው ፅንሱ ሊጨነግፍ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን የዐይን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በታተመ አንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ የዐይን ሐኪም በኮሶ መመረዝ ምክንያት በዐይን ላይ የደረሱ ጉዳቶችን ገልጸው ነበር። መርዙ የሚጎዳው ብርሃንን ከዐይን ወደ አእምሮ የሚያደርሰውን ነርቭ ነው፤ ይህ ነርቭ አንዴ ከደረቀ ደግሞ በመነጽርም በቀዶ ሕክምናም አይመለስም። ለሆድ ትል ብሎ የዐይን ብርሃን ማጣት እንዴት ያለ ከባድ ልውውጥ ነው!

አንዳንድ ሰው «መድኃኒት ከእግዚአብሔር ነውና አይጎዳም» ይላል። ይህ አነጋገር ግማሹን ይዞ ግማሹን የሚጥል ነው። በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛ ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደሆነ ተነግሮአል፤ ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ሐኪምን እናከብር ዘንድ ታዝዘናል። መድኃኒቱን የሰጠ አምላክ የሚመዝነውንም ሰው ሰጥቷል ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ሲመክረው ወይን ጠጅ እንዲጠጣ ብቻ ሳይሆን በጥቂቱ እንዲሆን ለይቶ ነው የጻፈለት። የመጠን ነገር እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ትሉ ከወዴት ይመጣል?

ብዙ ሰው የኮሶ ትል ከጣፋጭ ምግብ ወይም ከብርድ የሚፈጠር ይመስለዋል። እውነተኛው መንገድ ግን እንዲህ ነው። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ ቍራጮች እንቁላላቸውን በሣር ላይ ይበትናሉ። ከብት ያንን ሣር ይግጣል። እንቁላሉ በከብቱ ሆድ ተፈልፍሎ ወደ ጡንቻው ይሄድና የሩዝ ፍሬ የሚያኽል ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ከረጢቱ በአንጀቱ ውስጥ ይከፈትና ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ትሉ ያድጋል። ርዝመቱ ከ4 እስከ 10 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ሺሕ በላይ ቍራጮችም ይኖሩታል፤ ካልታከመም ብዙ ዓመት ይኖራል።

አሁን ወራቱን እንቍጠር። በሚያዝያ በፋሲካ የተበላ ጥሬ ሥጋ ትሉን የሚያሳየው በሐምሌ ነው። ስለዚህ ነው ሰው በሽታውን ከበዓሉ ምግብ ጋር ሳያገናኝ የሚቀረው።

ይህ ለሐዋሳ ሩቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በሐዋሳ ቄራ ከታረዱ 400 ከብቶች መካከል በ105ቱ ሥጋ ውስጥ ይህ ከረጢት ተገኝቷል፤ ይኸውም ከመቶ 26 ያኽል ነው። በዚያው ጥናት ከተጠየቁት 120 ሰዎች መካከል 77ቱ ትሉ ይዟቸው እንደሚያውቅ ተናግረዋል። ይህም የሆነው ሥጋው በመርማሪ ዐይን በሚታይበት ቄራ ነው። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን በፋሲካ ዕለት በሬውን በቅርጫ በየግቢው ስናርድ ማን ይመረምረዋል? ጾሙ ሥጋን ከጥጋብ የሚገታ ትልቅ ሥርዐት ነው፤ ከጾሙ ማግሥት ልጆቻችንን ለትል አሳልፈን ብንሰጥ ግን ቤታችንን በበዓል አላስደሰትነውም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ የሆድ ሕመም ሁሉ የኮሶ ትል አይደለም። አሜባ፥ ጃርዲያ፥ የታይፎይድ ትኩሳት፥ የጨጓራ ቍስል ሁሉም ሆድን ያሳምማሉ፤ ለእነዚህ ኮሶ አንዳች አይረዳም። የኮሶ ትል የሚታወቀው ነጭ፥ ጠፍጣፋ፥ የዱባ ፍሬ የመሰለ ቍራጭ በሰገራ ወይም በውስጥ ልብስ ላይ ሲታይ ነው። ያም ቢሆን ምርመራ ይቅደም። ሰገራ ከደም ጋር ከወጣ፥ ትኩሳት ካለ፥ ሕፃኑ ከከሳ ወይም ትውከቱ ካላቋረጠ ቀኑን ሳያሳልፉ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል።

ሁለተኛ፤ በሽታው የኮሶ ትል መሆኑ ከታወቀ ሐኪሞች የሚሰጡት ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባል መድኃኒት ነው። ፕራዚኳንቴል ለዚህ ትል የሚሰጠው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ሆኖ በአንድ ጊዜ ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ማለት ነው። የአዋቂ የኒክሎሳማይድ መጠን በአንድ ጊዜ 2 ግራም ነው። ይህንን የጻፍነው ሰው በራሱ ገዝቶ እንዲውጥ አይደለም፤ እፍኝ በሚለካበትና ሚሊግራም በሚለካበት ሕክምና መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ነው። የሚያዝዘው በሽተኛውን መዝኖ፥ ሌላ ሕመም እንዳለበትም ጠይቆ ነው።

ሦስተኛ፤ ኮሶን ለሕፃን፥ ለነፍሰ ጡር፥ ለሽማግሌና ለደካማ ማጠጣት ፈጽሞ አይገባም። ቀደም ሲል ኮሶ የጠጣ ሰው ዐይኑ ቢደበዝዝበት ወይም ልቡ ቢደክምበት ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ኮሶ መጠጣቱንም ሳያፍር ይንገር። ለሐኪም የሚደበቅ መድኃኒት ሁለተኛ በሽታ ይሆናልና።

አራተኛ፤ ሥጋ ይብሰል። በመካከሉ ቅላት እስከማይኖረው ድረስ የበሰለ ሥጋ ትሉን አያስተላልፍም። ለብ ለብ ያለ ክትፎ እንደ ጥሬው ነው። ሥጋን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለ10 ቀን ማቈየትም ከረጢቱን ይገድላል፤ ነገር ግን መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ቤት በዚህ ላይ መተማመን አይቻልም። ለልጆች ግን ምርጫ አይሰጥም፤ ጥሬ ሥጋ አይቅመሱ።

አምስተኛ፤ ሜዳ ላይ መጸዳዳት ይቅር። የትሉ መንገድ ከሰው ወደ ሣር፥ ከሣር ወደ ከብት፥ ከከብት ወደ ሰው የሚዞር ነው። መጸዳጃ ቤት ያለው ግቢ መንገዱን ከመጀመሪያው ይቈርጠዋል። በየክኒኑ አንድ ሰው ይድናል፤ በመጸዳጃው ግን መንደሩ ይድናል።

ዛፉን አንጣለው

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ኮሶን ለማንቋሸሽ አይደለም። ዛፉ ለጠረጴዛና ለበር የሚሆን ጥሩ እንጨት ስላለው በብዙ ቦታ ተቈርጦ አልቋል። የደጋ ውኃ የሚጠብቅ፥ ንብ የሚቀስመው፥ ዓለም ከእኛ የተማረው ዛፍ ነው። በየደብሩ ዐጸድ ከጽዱና ከወይራው ጋር ያለው ኮሶ ሊጠበቅ፥ በሌለበትም ደጋ ሊተከል ይገባዋል። የአገራችን የዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎችም በውስጡ ያለውን ኀይል በሚዛን እየለኩ ቢያጠኑት ለመጪው ትውልድ ሌላ ጥቅም ሊወጣው ይችላል።

ለዕውቀት ትልቅ ውርስ የሚሆነን አበው ያገኙትን ይዘን ያልደረሱበትን መጨመር ነው። እነርሱ በሽታውን ለዩ፤ መድኃኒቱንም አገኙ። ሚዛኑ ግን በዘመናቸው አልነበረም፤ ዛሬ በየጤና ጣቢያው አለ። እንግዲህ አያቶች ዕውቀታቸውን ለልጆች ይንገሩ፤ ልጆችም አያቶቻቸውን እያከበሩ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። በመጪው በዓልም በየቤታችን የሚሠዋው ሥጋ በደንብ የበሰለ፥ ማዕዱም ደስታ የሞላበት ይሁን። እግዚአብሔር ለሁላችን የሥጋንም የነፍስንም ጤና ይስጠን።